ከጉድጓድ የወጣው ሰው ማግስት

ጥቅምት 12

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ እርስዎ ዘንድ ይድረስ። ጤናዎ፣ ማስተማሩ፣ የአገሩ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እናቴም እንደዚያ ብለህ ጻፍ ብላኛለች። አልጽፈውም። ደህና አይደለንም።

ስልክ ስንደውል እናቴ ታለቅሳለች፣ እርስዎ ዝም ይላሉ፣ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ምን ያህል እንደሰሙ አላውቅም። እኔም በሰዓቱ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ የምጽፈው የሥራ ቡድናቸው አለቃ፣ ካቦው፣ የነገረኝን ነው።

ወንድሜና ልጅዎ የሚሠሩበት ቡድን ገበያው አጠገብ የተደፈነ የፍሳሽ መስመር ሊከፍት ወጣ፤ እናቴ ልብስ ከምትሰፋበት በረንዳ ብዙም አይርቅም። ወደ ጉድጓዱ አየር የሚነፋው ሞተር በዚያ ቀን ወደ ሌላ ሥራ ተልኳል። «ትንሽ ሥራ ናት፣ ቶሎ ገብታችሁ ውጡ» ተባሉ። መጀመሪያ ልጅዎ ወረደ። ውስጥ ገመዱ አጠረውና ፈታው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ከላይ ቢጠሩት መልስ የለም። ወንድሜ የራሱን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ያንን ገመድ አውቀዋለሁ፤ ከሌሎቹ እንዳይቀላቀልበት ከአሮጌ ማልያዬ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ ጫፉ ላይ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ታች ሲደርስ ከራሱ ላይ ፈትቶ ልጅዎ ላይ አሰረው። ሦስት ጊዜ ጎተተ፤ በእነሱ ሕግ «ሳቡ» ማለት ነው። ሳቡ። ልጅዎ ወጣ። ገመዱ መልሶ ሲወርድ የሚይዘው እጅ አልነበረም።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ደርሳ ነበር አሉ። እሷ ግን ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አትልም።

ወንድሜን በቁመቱ የተነሣ «ፎቁ» ይሉት እንደነበር ያውቃሉ? ጠዋት ክዳኑን ሲያነሡ «ፎቁ ምድር ቤት ሊሆን ነው!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ልጅዎን ደግሞ ከኋላው ስለማይጠፋ «ደረጃው» ይሉታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የታሪክ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጥቶናል። ወደ ሙታን አገር ስለወረዱና ስለተመለሱ ሰዎች የሚናገሩ የሦስት ጥንታዊ ሕዝቦች አፈ ታሪኮችን አነጻጽሩ፣ ይላል። ሰሌዳው ላይ ጽፎ ወደ እኛ ሲዞር እኔን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ላንተ ሌላ ልስጥህ» አለኝ። «ይሄው ይሁንልኝ» አልኩት። እርስዎ የሚያስተምሩት ይህንኑ ስለሆነ ይርዱኝ።

ልጅዎ ድኗል። ቤት ግን አይመጣም። ከቀብሩ ወዲህ የሚያድረው የቡድኑ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። እርስዎ ትተውት ከሄዱ ጀምሮ እናቴ ያሳደገችው፣ ከእኔና ከወንድሜ ጋር በአንድ ክፍል የኖረ ልጅ፣ ልብሱን እንኳ ሰው ልኮ ነው ያስወሰደው። ክፍሌ ውስጥ አሁን ሁለት ባዶ አልጋ አለ። ይህንን አልጠየቁኝም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ትንሹ ልጅ


ኅዳር 9

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

ያዘኑትን የሚያጽናና አምላክ ቤታችሁን ይጎብኝ፣ እናትህንም ጉልበት ይስጣት። ደብዳቤህ ደርሶኛል። በዚህ ሐዘን መካከል ትምህርትህን አለመተውህ አኮራኝ። አሁን የቤቱ ወንድ አንተ ነህና በርታ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሦስቱን መርጬልሃለሁ።

ግሪኮች ስለ አንድ ዘፋኝ ያወራሉ። ሚስቱን እባብ ነድፎ ገደለበት። ወደ ሙታን አገር ወርዶ ዘፈነ፤ የዚያ አገር ንጉሥ ልቡ ራርቶ ሚስቱን ፈቀደለት፤ ብርሃን እስክትደርሱ ድረስ ዞረህ እንዳታያት ብሎ አስጠነቀቀው። ዘፋኙ ደፉ ላይ ሲደርስ አላስቻለውም፤ ዞረ። ጠፋች።

የሱመር ሰዎች አንዲት እመቤት ነበረቻቸው። በሰባት በር አልፋ ወረደች፤ በእያንዳንዱ በር ከጌጧ አንድ እየተቀበሏት ባዶዋን ደረሰች፣ ሞተችም። በኋላ ነፍስ ተዘራባት፤ ነገር ግን ምትክ ሳይተው ከዚያ የሚወጣ የለምና የታች ጭፍሮች አብረዋት ወጡ። ለእሷ አዝኖ ትቢያ ላይ የተቀመጠውን አገልጋይዋን ሊወስዱት ሲሉ «እሱን አይሆንም» አለች። ባሏን ግን አምሮበት፣ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «እሱን ውሰዱት» አለች።

ጃፓኖች ደግሞ ሚስቱን ፍለጋ ስለወረደ ባል ይናገራሉ። «እስክመለስ እንዳታየኝ» ብላው ጨለማው ውስጥ ገባች። ሲሰለቸው ከማበጠሪያው አንድ ጥርስ ሰብሮ ለኮሰና አያት። በስብሳ ነበር። ሮጦ ወጣና የመውጫውን አፍ በትልቅ ቋጥኝ ዘጋው።

አየህ፣ እነዚህ ሕዝቦች በመሬትም በዘመንም የተራራቁ ናቸው። ሆኖም ሦስቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ የሄደ አይመለስም፣ የሰው ልጅም ይህንን መቀበል አለበት። እንዲህ ብለህ ብትደመድም መምህርህ ይደሰታል።

የእናትህን የደም ግፊት ነገር ጻፍልኝ። የመንፈቀ ዓመቱን ውጤትህንም እንዲሁ።

አጎትህ


ኅዳር 20

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አፈ ታሪኩን ነው ያነበብኩት። በሁለተኛው የልጅዎን ነገር ፈለግኩ። የለም። ስለ ደም ግፊት አለ፣ ስለ ውጤት አለ፣ ስለ ማበጠሪያ ጥርስ ሳይቀር አለ። ከሞት አፍ ስለተመለሰው ስለ ገዛ ልጅዎ ግን አንዲት መስመር የለችም።

ደግሞ ይህቺን «መቀበል» የምትባል ነገር ከየት አመጧት? ዘፋኙ ተቀበለ? ቢቀበልማ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይዘፍንም ነበር? የጃፓኑ ሰውዬ ተቀበለ? እግሬ አውጪኝ ብሎ ነው የወጣው! ወጥቶም አፉን በቋጥኝ ገጠመው። እሱንስ እኛም አይተናል። አሠሪው ድርጅት የወንድሜ ቀብር ላይ አንድ ሰው አልላከም፤ ለጉድጓዱ ግን ወዲያው አዲስ ክዳን አምጥቶ ገጠመለት፤ የሚያብረቀርቅ፣ ቁጥር የተጻፈበት። እናቴ ጠዋትና ማታ በላዩ ታልፋለች። ይህንን ነው ተቀበሉ የሚሉን?

የሱመሯ እመቤት ግን ተስማምታኛለች። እሷ አላለቀሰችም፣ አልዘፈነችም። ወጣችና ዙሪያዋን አየች፤ ማን ትቢያ ላይ ተቀምጧል፣ ማን አምሮበታል? ወንድሜ ዛሬ ቢወጣ ማንን «እሱን አይሆንም» የሚል ይመስልዎታል? ማንንስ «ውሰዱት» ይላል?

ይህንን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቡድኑ ልጆች አንዱ መንገድ ላይ አገኘኝና ምን አለኝ መሰለዎት? «ደረጃው ሊሄድላችሁ ነው አይደል? አባቱ ወረቀቱን ጨረሰለት እኮ!» አለኝ፤ ደስ ይለኛል ብሎ።

ከዚህ መስመር በኋላ «እርስዎ» ማለት አልችልም። ይቅር በለኝ፤ ካልፈለግህም አትበለኝ።

ሊሄድ ነው? እናቴ ደጃፍ ላይ ሳይቆም? ሐዘን እንኳ ሳይደርሳት? ወንድሜ ገመዱን ከራሱ ፈትቶ አለበሰው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ገመድ ባሕር ሊሻገር ነው? አንተስ ስለ ዘፋኙ ስትጽፍ ዞሮ ማየቱን እንደ ጥፋት ቆጠርክበት። አንተ ግን ከሄድክ ጀምሮ አንድ ቀን ዞረህ አይተህ ታውቃለህ? እኔ የተወለድኩት ከሄድክ በኋላ ነው። ፊትህን የማውቀው በፎቶ ነው።

ከአንተ ጫማ አልፈልግም፣ መጽሐፍም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ከመሄዱ በፊት ቤት ይምጣ፣ እናቴ ፊት ይቁም፣ ወንድሜ ገመዱን ሲያስርበት ምን እንዳለው ይንገራት። መጨረሻ ድምፁን የሰማው እሱ ነው። ያ ቃል የእሱ አይደለም፤ የእሷ ነው። እዘዘው። አባቱ አይደለህ?

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 17

ለአጎቴ፣

መልስ አልላክህም። ሰላምታውን አለፍኩት።

ስላልመለስክ ራሴ ሄድኩ። ቡድኑ ከመናኸሪያው ጀርባ ቆፍሯል። ካቦው ገና ሲያየኝ «አንተ፣ ትምህርት የለም እንዴ ዛሬ?» አለኝ።

«የአጎቴን ልጅ ፈልጌ ነው።»

«ይኸውልህ፤ አልጠፋም። ካለበት ነቅሎ የሚወስደው ካገኘን እኛም ደስ ይለናል» አለና በአገጩ አሳየኝ።

ልጅህ አሁን አፍ ጠባቂ ሆኗል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ የወረደውን ሰው ገመድ የሚይዘውን ነው እንደዚያ የሚሉት። ድሮ ይህንን ሥራ ሰነፍ ነው የሚፈልገው እያሉ ይቀላለዱበት ነበር። እሱ ግን ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨለማው ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ከስቷል።

«ምን አለህ?» አልኩት።

ገመዱን አንድ ዙር ጠበቅ አደረገ።

«ገመዱን ሲያስርብህ ምን አለህ? ለእኔ አትንገረኝ። ለእሷ ንገራት።»

«ሰው ታች አለ» አለኝ ቀና ሳይል። «ገመድ ይዣለሁ።»

«አሁን ነው ገመድ መያዝ የመጣልህ?» አልኩት።

ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅህም። ከቡድኑ አንድ ወፍራም ሰውዬ «ኧረ ተው አንተ ልጅ! ምላስህን ያዝ» ብሎ አካፋውን መሬት ላይ ወረወረው። ልጅህ አንገቱን ደፋ እንጂ እጁ አልላላም። የወረደው ሰው እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅኩ። ሰውዬው ብቅ ሲል ልጅህ ገመዱን ጠቅልሎ ለካቦው ሰጠና በመናኸሪያው በኩል ሄደ። ሮጥኩ። አውቶቡሶቹ መሃል ጠፋኝ።

መልስልኝ እንጂ! አስተማሪ አይደለህ? ጥያቄ ጠይቄሃለሁ።


ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ይብዛልህ። እናትህንም ሰላም በላት፣ ከፈቀደች።

«አንተ» ብለህ ስትጽፍልኝ ተናድጄ ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ሁለቱንም አውጥቼ አነበብኩ። «አንተ» በለኝ። ዛሬ ስለ አፈ ታሪክ አልጽፍልህም። የምጽፍልህ ልጄ በስልክ የነገረኝን ነው፤ ጨርሶ ለመናገር ብዙ ቀን ፈጅቶበታል።

ያን ቀን የወጣው ሰው ከጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጭቃ ነበር። ወገቡ ላይ ያለው ገመድ ቀይ ጨርቅ ያሰርክበት ገመድ ነው። ተዝለፍልፎ ለወጣ ሰው ቁመት አይለካም፤ ሁለቱ ከኋላ ሲታዩ በትከሻቸው እንደማይለዩ ደግሞ ታውቃለህ። አፍ ጠባቂው «ፎቁ ወጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ተቀባበለው። ታች የቀረው ልጄ መስሏቸው ነው ገመዱን መልሰው የላኩት። እናትህ እየሮጠች ስትደርስ የምትሰማው ይህንን ነው፤ ፎቁ ወጣ፣ ፎቁ ወጣ።

ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች። «ልጄ! ጎበዝ ልጄ!» እያለች በሻሿ ፊቱን ጠረገችው። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቷ እላዩ ላይ ነበር፤ እየሳቀች። ከዚያ ለየችው። «አንተ ነህ እንዴ?» አለችው። እጇ ለቀቀው። ጭንቅላቱ አስፋልቱን መታው።

አንተን አይፈራህም። ያንን ፊት ነው የሚፈራው። ከአሳደገችው ሴት ፊት ላይ ነው በሕይወት መትረፉን ያወቀው።

እኔም የምናገረው አለኝ። በዚያው ቀን እናትህ ደወለችልኝ። «ያንተ ወጥቷል» አለችኝ። እሷ ያልወለደችውን ልጅ ዕድሜውን ሁሉ «ልጄ» ስትለው ኖራ፣ ያን ቀን «ያንተ» አለችው። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። የእሷን የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ልጄ ልጽፍልህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ያቺ «ተመስገን» ትቀድመኛለች።

ወረቀቱን የጨረስኩት እኔ ነኝ። እሱ አልሄድም ብሏል። «ቤት ሳልገባ የትም አልሄድም» ይለኛል። እሺ ግባ ስለው «በየት በኩል?» ይለኛል።

አልዘውም። ምን መብት አለኝ?

አጎትህ


ጥር 24

ለአጎቴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ዛሬ ከልቤ ነው።

ደብዳቤህን መንገድ ላይ ቆሜ ጨረስኩትና በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄድኩ። እናቴ የትምህርት ቤት ሱሪ እያጠበበች ነበር።

«እውነት ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጥለሽዋል። ጭንቅላቱን።»

የስፌት መኪናዋ ቆመ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። «ማን ነገረህ?»

«እውነት ነው?»

«አንተ ነህ እንዴ አልኩት» አለች። «ሌላ ምን እላለሁ? አንተ ነህ እንዴ ነው ያልኩት።» ደግሞ፣ «ጭንቅላቱ ድም ሲል ሰምቻለሁ። አጎንብሼ አላነሣሁትም» አለች።

ጮህኩባት። አልዋሽህም፣ ገበያ መሃል እናቴ ላይ ጮህኩ። እኔን ይህን ሁሉ ጊዜ እሱን ስረግም እያየሽ ዝም አልሽ፣ መጋዘን ውስጥ እንደ ዕቃ ሲያድር ዝም አልሽ አልኳት። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊ ቀና ብሎ አየኝና ወደ መስፊያው ተመለሰ። እሷ ሻሿን አስተካክላ አሰረችና «የት ነው ዛሬ የሚቆፍሩት? ምራኝ» አለች።

እዚያው መናኸሪያው ጀርባ ነበሩ። ልጅህ አፉ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ታች አለ። ካቦው ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ። እናቴ ልጅህን አልጠራችውም። ዞራ ከፊት ለፊቱ ቆመች፣ ፊቷን ያይ ዘንድ። አያት። እግሩ ሊነሣ ሲል አየሁት፤ እጁ ግን ገመድ ይዟል፣ መነሣት አይችልም። እናቴ ከኋላው መጣችና መሬት ላይ የተጠቀለለውን የገመዱን ጭራ አንሥታ ያዘች። ልብስ ሰፊ ናት፣ በሕይወቷ የያዘችው ትልቁ ገመድ ክር ነው። ሁለቱ እንደዚያ ሆነው፣ ታች ያለው ሰውዬ ሥራውን እስኪጨርስ ጠበቁ። ሦስት ጊዜ ሲጎተት አብራው ሳበች።

ሰውዬው ወጥቶ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ልጅህ ጀርባውን ለእሷ እንደሰጠ ተናገረ። እግሩ ቢከዳውም ጆሮው ይሰማ ነበር አለ። ወንድሜ ገመዱን ሲያስርበት እንዲህ ብሎታል፤ «አንተ ቅደም። እኔ ፎቅ ነኝ፣ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።»

ይኸው ነው። ስለዚህ ቃል ነው ሁለት ወር ሙሉ የተሟገትኩት።

እናቴ ሻሿን ፈታች፤ ፊቱ ላይ ግን ጭቃ አልነበረም፣ ላብ ብቻ ነው። ጠረገችው። «ያኔ ደህና አድርጌ አላየሁህም» አለችው። «ና ወደ ቤት።»

እኔ ቀድሜ ሮጬ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ዘርግቼ፤ እንዳይገባ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ልለፍ?» አለኝ። እናቴ ከኋላው ናት፣ አልተቆጣችኝም። አላቀፍኩትም። ሰላምም አላልኩትም። እግሬን ግን ሰበሰብኩት።

የቤት ሥራዬን አስረክቤአለሁ። ቤተ መጻሕፍት ስገባ አንድ ያልነገርከኝ ነገር አገኘሁ፤ የሱመሯ እመቤት ባል እህት ነበረችው፤ ታች ከሚቆይበት ጊዜ እኩሌታውን ለእኔ ስጡኝ ብላ ወሰደችለት። ያንን ለምን ዘለልከው? ጽሑፌን ግን በ«መቀበል» አልደመደምኩም። የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ ሦስቱም ሕዝቦች የመውረጃውን መንገድ አብጠርጥረው ያውቃሉ፣ በሩን፣ በረኛውን፣ ሕጉን። ከታች የወጣው ሰው ግን በማግስቱ የት እንደተኛ፣ ማን ፊቱን እንዳየው አንዳቸውም አይናገሩም። አጥብቀው የሚመሳሰሉት በዚህ ነው። መምህሩ በቀይ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈበት። ማስረጃዬ እኔ ክፍል ውስጥ ያንኮራፋል።

ንዴቴ እንዳልበረደ ግን እወቅ። ሞተሩን ሌላ ቦታ የላከው ሰው ላይ ተናድጃለሁ፤ እሱን በስሙ ጠርቼ የምጠይቅበት ቀን ይመጣል። «ተመስገን» ባልከው አንተ ላይ ተናድጃለሁ። ጭንቅላቱን በለቀቀችው እናቴ ላይ፣ ገመዱን በፈታው ልጅህ ላይ ተናድጃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ቁመቱን ባመነው ወንድሜ ላይ ነው። ይደርሳል ብሎ! ማን ነው በቁመቱ ከጉድጓድ የወጣ?

አሁን ስለ ልጅህ ጠይቀኝ።

የእህትህ ትንሹ ልጅ